ቴስቶስትሮን ሲወስዱ ሄማቶክሪት ከፍ ካለ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ቴስቶስትሮን በሐኪም ትእዛዝ በሚወስዱ ወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው የጎንዮሽ ጉዳት የቀይ የደም ሕዋስ መብዛት ነው። በሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ ምርመራ) ወረቀት ላይ «ሄማቶክሪት» በሚለው መስመር ይገኛል። ከጠቅላላው ደም ውስጥ ምን ያህሉ ቀይ ሕዋስ እንደሆነ በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን ለአዋቂ ወንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ያለው እንደ ጤናማ ይቆጠራል።

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲመጣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «የት ልቀዳ?» ብሎ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ደም ማስቀዳት፣ ማለትም ቁጥሩ እንዲወርድ ደም ማስወጣት፣ የመጀመሪያው እርምጃ እንዳይሆን ነው። ሕዋሱን ያበዛው በአብዛኛው የመድኃኒቱ መጠን ነውና ማስተካከያውም በቅድሚያ መፈለግ ያለበት እዚያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም አይረን ከምግብና ከክምችት ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይገድባል። ቴስቶስትሮን ሄፕሲዲንን ይቀንሳል። ከኩላሊት የሚወጣውንና የአጥንት መቅኒ ቀይ ሕዋስ እንዲያመርት የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲን ደግሞ ከፍ ያደርጋል። መቅኒው አይረኑንም ትእዛዙንም በብዛት ስለሚያገኝ ከሚያስፈልገው በላይ ያመርታል፤ ደሙ ይወፍራል፣ ፍሰቱም ይከብዳል።

ከሁሉም በፊት፦ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ፊት ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጅና እግር በአንድ ጎን ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ወይም የዓይን ብርሃን በድንገት ከጠፋ፣ ሄማቶክሪቱ 48ም ይሁን 58 ለውጥ የለውም። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይሳፈሩ፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ። እንደደረሱ «ቴስቶስትሮን እወስዳለሁ» ብለው ይናገሩ። በዚህ መድኃኒት የሚያፍር ወንድ ብዙ ነው፤ ግን ሐኪሙ የደም መርጋትን ቶሎ እንዲጠረጥር የሚረዳው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ትራቨርስ የተባለ ጥናት ከ5,200 በላይ ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋት የታየው ቴስቶስትሮን ጄል ከተጠቀሙት 0.9 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለው ጄል ከተሰጣቸው ደግሞ 0.5 በመቶ ላይ ነው። አደጋው በጥቂቶች ላይ የሚደርስ ነው፤ የደረሰበት ሰው ግን በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ማግኘት አለበት።

አንደኛ፦ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ከተማ ውስጥ ከእውነቱ በላይ የሆነ ውጤት በቀላሉ ይወጣል።

ሄማቶክሪት የሕዋስ ከጠቅላላው ደም ጋር ያለ ንጽጽር ነው። ሕዋሱ ሳይጨምር ውሃው ቢያንስም ቁጥሩ ይወጣል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በእግር ተጉዞ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ስኒ ቡና በቀር ምንም ሳይጠጣ የመጣ ሰው የሚሰጠው ደም የዕለቱን ድርቀት ይዞ ይመጣል። በርጫ ላይ ያመሸ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጫቱ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውም በበቂ ሳይጠጣ ያነጋል።

ስለዚህ ለምርመራ ሲዘጋጁ እንዲህ ያድርጉ። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ ሽንትዎ ነጣ እስኪል ድረስ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ግን የሚጠጡትን መጠን ሐኪምዎ ይወስንልዎ። በዋዜማው በርጫውን ይተዉት። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ይምጡ፣ ውሃ ጠጥተው ይምጡ፤ ለሲቢሲ ብቻ ከሆነ መጾም አያስፈልግም። በረመዳን ከሆነ ሱሁር ላይ በደንብ ጠጥተው በማለዳ ይምጡ፤ ከአስር ሰዓት በኋላ የተሰጠ ደም ቀኑን ሙሉ የተጠማ ሰው ደም ነው።

ላቦራቶሪ ሲደርሱ ወዲያው ክንድዎን አይዘርጉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ይረፉ። ከቆመ ሰው የተወሰደ ደም ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ወፈር ብሎ ይታያል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየም ውሃው ከደም ሥር ወደ ውጭ ስለሚሰርግ ሕዋሱ ይከማቻል። የደም ሥር ፍለጋው ከረዘመ «እባክህ ፈታ አድርገህ እንደገና እሰረው» ማለት ነውር አይደለም፤ ባለሙያው ይረዳዎታል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ከእኛ ከባለሙያዎች ወገን ልንገራችሁ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀመጠ ደም በሙቀት ብዙ ሰዓት ከቆየ ሕዋሶቹ ያብጣሉ። ማሽኑ ሄማቶክሪትን የሚያሰላው የሕዋሱን ብዛት በአማካይ ትልቀቱ አባዝቶ ስለሆነ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ግን በዚህ አይነካም። ስለዚህ ወረቀቱን ሲቀበሉ ሄሞግሎቢኑን በ3 ያባዙት፤ ከሄማቶክሪቱ ጋር ሊቀራረብ ይገባል። ሄሞግሎቢን 17 ከሆነ ሄማቶክሪት 51 አካባቢ ነው። ሄሞግሎቢን 16.5 ሆኖ ሄማቶክሪት 56 ከተጻፈ ናሙናው ወይም ማሽኑ ላይ ችግር አለና እንዲደገም ይጠይቁ።

ክትትልዎን በአንድ ላቦራቶሪ ያድርጉ። ዛሬ ድሬዳዋ፣ በሚቀጥለው ሐረር፣ ከዚያ አዲስ አበባ እየተሠራ የመጣ ውጤት ለማነጻጸር ያስቸግራል። ወረቀቶቹን አይጣሉ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የመጨረሻው መርፌ የተወጋበት ቀን እና መጠኑ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ለሐኪም ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ደብተር ይጠቅመዋል።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይለዩ

የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የኢንዶክሪን ሶሳይቲ የ2018 እ.ኤ.አ. መመሪያ ሄማቶክሪቱ ከ48 በመቶ በላይ ለሆነ ሰው ሕክምናው እንዲጀመር አይመክርም፤ ከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ወሰን 50 ነው። ሕክምና ላይ እያለ ከ54 ካለፈ ደግሞ መድኃኒቱ ቆሞ፣ ቁጥሩ ወደ ደህና ደረጃ ሲወርድ በተቀነሰ መጠን መጀመር አለበት ይላል።

በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? ከ50 በታች ከሆኑ በመርሐ ግብርዎ ይቀጥሉ። ከ50 እስከ 53 ከሆኑ አይደንግጡ፣ አይርሱትም፤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን አባባሾች ይፈትሹ፣ ስለ መጠኑ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ከሳምንታት በኋላ ይድገሙ። 54 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ተደግሞም ከጸና፣ ሐኪምዎን ሳያነጋግሩ የሚቀጥለውን መርፌ አይወጉ። አንድ መርፌ መዘግየቱ ድካምና የስሜት መውረድ ሊያመጣ ይችላል፤ አይጎዳዎትም። ነገር ግን የፒቱታሪ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ወይም ዕጢው ታሞ ከቴስቶስትሮን በተጨማሪ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲሶን ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እነዚያን በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡ። የሚዘገየው ቴስቶስትሮኑ ብቻ ነው።

«ሐረር ደጋ ስለሆነ ነው» የሚለውን ምክንያት ደጋግሜ እሰማለሁ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳይቷል፤ የወንዶቹ አማካይ 15.9 ነበር። ይህ በ3 ሲባዛ ሄማቶክሪት 48 ገደማ ነው። እዚያ ላይ ያልወጣ ሄማቶክሪት ጀጎል ግንብ ሥር 55 ቢገባ ከፍታውን ተጠያቂ ማድረግ አያዛልቅም።

ሦስተኛ፦ ከመርፌው ጋር ተባብረው ደሙን የሚያወፍሩትን ያስወግዱ

ትንባሆና ሺሻ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ከጭሱ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ ሰውነት የኦክስጅን እጥረት ያለ ስለሚመስለው ተጨማሪ ሕዋስ ያመርታል። የሺሻው ከሰል ራሱ ይህንኑ ጋዝ ይጨምራል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። በርጫ፣ ሲጋራና ሺሻ አንድ ላይ የሚሄዱበት ቤት ለእርስዎ የሚስማማ ቤት አይደለም። ጓደኝነቱን መተው አይጠበቅብዎትም፤ በረንዳ ላይ፣ ውሃዎን ይዘው፣ በየመሃሉ እየተነሡ ይቀመጡ።

መንኮራፋት ሁለተኛው ነው። ባለቤትዎ «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል» ካሉ፣ ወይም ስምንት ሰዓት ተኝተው ጠዋት ሳይነቁ ከዋሉ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻውን ሄማቶክሪትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ቴስቶስትሮንም ሊያባብሰው ይችላል። ለሐኪምዎ ይንገሩት። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለዎት ተቀምጠው አርፈው ይለኩ፤ ከ92 በታች እየሆነ ከመጣ ያንንም ይንገሩ።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው፣ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰሉ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች የደሙን ውሃ ይቀንሳሉ። ለስኳር የሚሰጡት ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚንም ሄማቶክሪትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ ቴስቶስትሮኑም ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው አለ። እነዚህን በራስዎ አያቁሙ፤ ልባቸውን ወይም ኩላሊታቸውን የሚጠብቅላቸው ሰዎች አሉ። ሁሉንም መድኃኒት በፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። በሌላ በኩል «ደምህ በዝቷል» የተባለ ሰው ነገሩ የደም ግፊት መስሎት ከጎረቤት የግፊት ኪኒን ተቀብሎ ሲውጥ አይቻለሁ። ኪኒኑ ሽንት የሚያሸና ከሆነ ሄማቶክሪቱን ያባብሰዋል። የሄማቶክሪት መውጣትና የግፊት መውጣት የተለያዩ ናቸው፤ ግፊትዎን ለብቻው ያስለኩ፣ ምክንያቱም ቴስቶስትሮን እርሱንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

የአይረን ኪኒንና «ደም ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጥ ሽሮፕም ከዚሁ ይመደባል፤ ሐኪም ካላዘዘ ይተውት። ጤፍና ሥጋ ግን አይከለከሉም። እንጀራ በመተው ሄማቶክሪት አይወርድም።

ከመድኃኒቱ ውጭ የሆነ በሽታ መኖሩን የሚጠቁም ነገርም ከዚሁ ወረቀት ላይ ይገኛል። ነጭ የደም ሕዋስና ፕላትሌትም አብረው ከፍ ካሉ፣ ወይም ሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ሰውነትዎን የሚያሳክክዎ ከሆነ፣ ሐኪሙ የመቅኒ በሽታን ማጣራት ይኖርበታል። ለዚያ የሚሠራው ጃክ2 የተባለው የጂን ምርመራ በየቦታው ስለማይገኝ ናሙና ወይም ራስዎን ወደ ሌላ ከተማ ሊልክ ይችላል፤ ይሂዱ።

አራተኛ፦ የመድኃኒቱን መጠንና አወሳሰድ ያስተካክሉ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። በጡንቻ የሚወጋ ቴስቶስትሮን ኤናንቴት ከተወጋ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በደም ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ይደርሳል፣ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። 250 ሚሊግራም አንዴ ተወግቶ ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተፈጥሮው በላይ የሆነ ቴስቶስትሮን፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ድካም ያገኛል። መቅኒው የሚነቃው በዚያ ከፍታ ነው። በጄል የሚወስዱ ሰዎች ላይ ሄማቶክሪት ከመርፌ ባነሰ ሁኔታ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐኪምዎን የሚጠይቁት እንግዲህ ይህን ነው፦ ጠቅላላ መጠኑ ይቀነስ ወይ? በየሳምንቱ አነስ ተደርጎ ይከፈል ወይ? የተለመደው አወሳሰድ በየሳምንቱ ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም፣ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ነው። መከፋፈሉ ከፍታውን ያስተካክላል፤ ግን በእኔ እይታ ጠቅላላ መጠኑን መቀነስ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ወደ ጄል መቀየርም አማራጭ ነው፤ ከመቀየርዎ በፊት ፋርማሲው ሳያቋርጥ የሚያገኘው መሆኑን ይጠይቁ፣ ቆዳ ላይ የተቀባው ጄል በንክኪ ወደ ሕፃናትና ወደ ሚስት እንዳይተላለፍም ይሸፍኑት።

መጠኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ የቴስቶስትሮን ምርመራው በሁለት መርፌዎች መካከል፣ እኩሌታው ላይ ይደረግ። የሚፈለገው ከ350 እስከ 600 ናኖግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። ሄማቶክሪቱ 55 ሆኖ ቴስቶስትሮኑ እኩሌታው ላይ 1,000 ከተገኘ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌላ ነገር ከመፈለግ በፊት መጠኑ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀይ ሕዋስ በደም ውስጥ 120 ቀን ያህል ይኖራል። መጠኑን ዛሬ ቢቀንሱ ቀድሞ የተመረተው ሕዋስ ዕድሜውን ጨርሶ እስኪወገድ ድረስ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። በሳምንት ውስጥ እየተመላለሱ ማስለካት ገንዘብ ማባከን ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቁ፣ ሙሉ ውጤቱን በሦስት ወር ይዩ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን አደገኛ ብሎ ቀረብ ያለ ቀጠሮ ካልሰጠዎት በቀር።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ጂም ውስጥ ከጓደኛ ወይም በሻንጣ ከመጣ ዕቃ ለሚወጉ ወንድሞቼም አንድ ቃል አለኝ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ውስጡ ካለው ጋር መመሳሰሉን የሚያረጋግጥልዎ የለም፤ የሚወሰደውም መጠን ብዙ ጊዜ ከሕክምናው እጥፍ በላይ ነው። በተጨማሪም ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት ቴስቶስትሮን የዘር ፍሬ ምርትን ያፍናል። ወደ ሐኪም ሄደው ሳይደብቁ ይናገሩ። ሥራው ማከም ነው።

አምስተኛ፦ ደም ማስቀዳት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ

ደም ማስቀዳት ቦታ አለው። ቁጥሩ በጣም ወጥቶ፣ ራስ ምታትና ብዥታ ኖሮ፣ ሐኪሙ መጠኑ እስኪቀነስ መጠበቅ አይቻልም ካለ ያዝዛል። አንድ ጊዜ 450 ሚሊሊትር ያህል ሲቀዳ ሄማቶክሪት በ3 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን በዚያው ከ200 ሚሊግራም በላይ አይረን ይወጣል። መጠኑ ሳይቀነስ በየሁለት ወሩ የሚቀዳ ሰው ሄማቶክሪቱ ዞሮ ይወጣል፣ አይረኑ ግን እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ድካም፣ የፀጉር መርገፍ፣ ሌሊት እግርን የማያስቀምጥ መወራጨት ይመጣሉ። ይህን ሰው «ቴስቶስትሮኑ አነሰኝ» ብሎ መጠን ሲያስጨምር ማየት ያሳዝናል። ደም ካስቀዱ ፌሪቲን (የአይረን ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ) ያስመርምሩ።

ደም ባንክ ሄዶ በልገሳ ስም መቀነስስ? ልገሳ የከበረ ሥራ ነው፤ እኛ አካባቢም ደም ሁልጊዜ ይፈለጋል። ቴስቶስትሮን እንደሚወስዱ ግን ለነርሷ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ተቀባዩ እናት ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላል። ይቻላል ካሉ ይስጡ፤ አይሆንም ካሉ ያክብሩት፣ ትእዛዙን ይዘው በሆስፒታል በኩል ያስቀዱ። ከተቀዱ በኋላ ያን ቀን ፀሐይ ላይ አይዋሉ፣ ከባድ አያንሡ፣ ፈሳሽ ይጠጡ፣ በርጫ ላይ አይቀመጡ።

ዋግምትና ሐጃማ ሄማቶክሪት አያወርዱም። የሚወጣው ደም ጥቂት ነው፤ ምላጩ ወይም ዕቃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ጥቁር አዝሙድ ለወጡ ጥሩ ናቸው፤ የተመረተ ቀይ ሕዋስ አይቀንሱም። አስፕሪንም ሕዋስ አይቀንስም፤ ጨጓራ ሊያደማ ስለሚችል ሐኪም ካላዘዘው አይጀምሩት።

ስድስተኛ፦ ከወረደ በኋላ

ሐኪሙ በተቀነሰ መጠን መልሶ ሲያስጀምርዎ ሲቢሲውን በሦስት ወር፣ ከዚያ በስድስት ወር፣ ተረጋግቶ ሲቆይ በዓመት አንድ ጊዜ ያሠሩ። መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ቆጠራው ከሦስት ወር እንደገና ይጀመራል።

ሄማቶክሪትዎ ገና 50 አካባቢ ሳለ ረጅም መንገድ ካለብዎ፣ ለምሳሌ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጅቡቲ መኪና የሚያሽከረክሩ ከሆነ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፤ መውረድ ባይቻል ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ሽንት እንዳይመጣ ብሎ ውሃ አለመጠጣት የመንገደኛ ልማድ ነው፤ እርስዎ ግን ይጠጡ፣ ሹፌሩንም አስቀድመው «በመሃል አቁምልኝ» ብለው ይንገሩት።